ዋይፋይ ሲታወክ ከመጠገን አስቀድሞ መለየት

ለአምቦና ለምዕራብ ሸዋ ከተሞች ነጋዴዎች፣ ለአስመጪዎችና ለባለ ሱቆች

ንግድ ከመገናኛ ተለይቶ የቆመበት ዘመን የለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ስልክ ወደ ኢትዮጵያ ከገባ ወዲህ የነጋዴው መልእክት ከእግረኛና ከበቅሎ እየወጣ በሽቦ ላይ መሄድ ጀመረ። በ1945 ዓ.ም. የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ፤ በ1989 ዓ.ም. የኢንተርኔት አገልግሎት ተከፈተ፤ ከግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ቴሌብር ለሕዝብ ስለ ቀረበ፣ ከመልእክቱ ጋራ ገንዘቡ ራሱ በዚሁ መንገድ የሚመላለስ ሆነ።

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው በአምቦ፣ እንዲሁም በጊንጪ፣ በጉደር፣ በጌዶና በባኮ የሚነግድ ሰው ዛሬ ሱቁን ከፍቶ ሚዛኑን ካስተካከለ በኋላ የሚመለከተው በመደርደሪያው ራስ ላይ የተቀመጠውን ባለ አንቴና ሣጥን ነው። የዚህ ሣጥን ሥራ የታወከ እንደ ሆነ ጤፍ ወይም በቆሎ የጫነው መኪና የክፍያው ማረጋገጫ እስኪደርስ ቆሞ ይውላል፤ በጥር 2012 ዓ.ም. በተጀመረው በኢትዮጵያ የኤሌክትሮኒክ አንድ መስኮት አገልግሎት የሚጠቀም አስመጪ የሰነዱን ጉዳይ መከታተል ያቅተዋል፤ የንግድ ፈቃዱን በኢንተርኔት የሚያሳድስ ባለ ሱቅም ቀነ ገደቡ ሊያልፍበት ይችላል።

ይሁን እንጂ ጉዳቱ ከመቋረጡ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ከችኮላም ይመጣል። ነጋዴው ገዢ ቆሞ ሲጠብቀው ተጨንቆ ያገኘውን ቁልፍ ሁሉ ይጫናል፤ ደኅናውን ሣጥን ጥሎ ሌላ ይገዛል፤ አለዚያም የሣጥኑን የውስጥ ፕሮግራም አድሳለሁ ሲል ፈጽሞ ያጠፋዋል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ሥራም ይስማማል። ብዙ ጊዜ የዋይፋይ ብልሽት ሣጥኑን ሳይለውጡ የሚቃና ነው። ለዚህም የሚያስፈልገው ብልሽቱ ያለበትን ስፍራ አስቀድሞ ለይቶ ማወቅ ነው።

በአንድ ስም የሚጠሩ ሦስት ነገሮች

በተለምዶ «ዋይፋይ» የሚባለው በእርግጡ ሦስት ነገር ነው። ይህንም በቦኖ ውሃ መስሎ መረዳት ይቻላል። ከዋናው ማጠራቀሚያ እስከ ቦኖው የሚመጣ ቧንቧ አለ፤ ቦኖው ራሱ አለ፤ ከቦኖው ውሃውን ተቀብሎ የሚሄድ ጀሪካንም አለ። ውሃ ሲጠፋ ከሦስቱ የትኛው እንደ ተበላሸ ሳይመረምር ቦኖውን የሚሰብር ሰው አይገኝም።

እንዲሁም ከአገልግሎት ሰጪው እስከ ሱቁ የሚደርሰው የፋይበር፣ የመዳብ ሽቦ ወይም የሲም ካርድ መስመር እንደ ቧንቧው ነው። ሣጥኑ እንደ ቦኖው ነው፤ በዚያውም ውስጥ መንገድ የሚመራውና አድራሻ የሚያድለው ክፍል ራውተር፣ መረቡን በአየር የሚያሰራጨው ክፍል ደግሞ አክሰስ ፖይንት ይባላል። ሁለቱ በአንድ ሣጥን ተጠቃለው ወይም ለየብቻቸው ሆነው ይሸጣሉ። የእጅ ስልኩ፣ ኮምፒዩተሩና ማተሚያው እንደ ጀሪካኑ ናቸው።

ሦስቱን ለመለየት የሚበቃው መሣሪያ አንድ አጭር የኔትወርክ ገመድና አንድ ኮምፒዩተር ነው። ኮምፒዩተሩ በገመድ ከሣጥኑ ጋራ ሲገናኝ ኢንተርኔቱ የሚሠራ፣ በአየር ሲሆን ግን የማይሠራ ከሆነ መስመሩ ደኅና ነው፤ ጉድለቱ ከማሰራጫው ወይም ከአየሩ ነው። በገመድም ኢንተርኔት ከሌለ፣ ነገር ግን በኮምፒዩተሩ ላይ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ተብሎ ሲጻፍ የሣጥኑ የማስተካከያ ገጽ የሚከፈት እንደ ሆነ ሣጥኑ በሕይወት አለ፤ የሚመረመረው መስመሩ ነው። በሣጥኑ ጀርባ ላይ የተጻፈው አድራሻ በገመድም ጭምር አልከፍት ካለ ያን ጊዜ ሣጥኑን ራሱን፣ የኤሌክትሪክ መጋቢውንና የአድራሻውን ነገር መጠርጠር ይገባል። አንዱ ስልክ እምቢ ብሎ ሌሎቹ ሁሉ የሚሠሩ ከሆነ ግን ጥፋቱ የዚያው የአንዱ ስልክ ነው። ይህ ሁሉ ምርመራ ከአምስት ደቂቃ ብዙም አያልፍም።

መስመሩ ሲቋረጥ

በፋይበር በሚሠራ ሣጥን ላይ «ኤል ኦ ኤስ» የሚል ምልክት ያለበት መብራት ቀይ ሆኖ ብልጭ ድርግም የሚል እንደ ሆነ፣ ብርሃኑ በክሩ አልፎ ወደ ሣጥኑ አልደረሰም ማለት ነው። የፋይበር ክር ከመስታወት የተሠራ ስለ ሆነ በመደርደሪያ ጀርባ ተጨምቆ ወይም በምስማር ታስሮ አጥብቆ ሲታጠፍ ብርሃኑን ያጠፋል። ነጋዴው ክሩ አለመታጠፉንና መሰኪያው አለመላላቱን ካየ በኋላ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም በ994 ደውሎ የመብራቱን ሁኔታ በትክክል ይንገር። «አይሠራም» ከማለት ይልቅ «ቀዩ መብራት ይበራል» ማለት ጠጋኙን ወደ ጉዳዩ ያቀርበዋል። የአገልግሎት ክፍያው መጠናቀቁንም አስቀድሞ ማየት ይገባል።

መቋረጡ ከሱቁና ከከተማው በላይ የሆነበትም ጊዜ አለ። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት በመላው አገር ለሳምንታት በተቋረጠ ጊዜ በሱቅ ውስጥ ያለ ሣጥን ሊረዳ የሚችልበት መንገድ አልነበረም። ስለዚህ ጎረቤቱን ባለ ሱቅ «የአንተስ ይሠራልን?» ብሎ መጠየቅ የመጀመሪያው ምርመራ ሊሆን ይገባል።

ዋይፋይ ተቋርጦ የስልክ አውታር ብቻ በቀረበት ሰዓት ቴሌብርን በ*127# መጠቀም እንደሚቻልም ባለ ሱቁም ሆነ ገንዘብ ተቀባዩ ይወቁ። ይህ መንገድ ኢንተርኔት የማይጠይቅ ስለ ሆነ መስመሩ እስኪቃና ገዢው ባዶ እጁን አይመለስም።

የኤሌክትሪኩ ነገር

የሣጥኑ የኤሌክትሪክ መጋቢ፣ በተለምዶ አዳፕተር የሚባለው፣ ትንሽ ነገር መስሎ ስለሚታይ ይናቃል። በሣጥኑ ላይ 12 ቮልት 1 አምፔር ተብሎ ተጽፎ ሳለ የጠፋው አዳፕተር በ9 ቮልት ወይም አምፔሩ ባነሰ ሌላ አዳፕተር የተተካ እንደ ሆነ ሣጥኑ መብራቱን ሊያበራ ይችላል። ነገር ግን አምስት ስድስት ስልኮች ተገናኝተው ሥራ ሲበዛበት ኀይል ስለሚያንሰው በየጊዜው ራሱን እያጠፋ ይነሣል። ባለቤቱም «ዋይፋዩ ይመጣል ይሄዳል» ይላል። ቮልቱ ከተጻፈው ጋራ እኩል፣ አምፔሩም እኩል ወይም የሚበልጥ፣ የመሰኪያው አዎንታዊና አሉታዊ ጫፍም ተመሳሳይ መሆን አለበት።

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኀይሉ አንዳንድ ጊዜ ከፍና ዝቅ ይላል። ስለዚህ መብራት እንደ ጠፋ ሣጥኑን ከሶኬት መንቀልና ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መሰካት፣ ወይም ስታቢላይዘር መጠቀም ዕድሜውን ያረዝማል። በእኩለ ቀን ፀሐይ በሚግል የቆርቆሮ ጣራ ሥር ተጣብቆ የተሰቀለ ወይም በማቀዝቀዣ ራስ ላይ ተቀምጦ በካርቶን የተሸፈነ ሣጥንም በሙቀት ምክንያት ሊዘገይና ሊቆም ይችላል።

ግድግዳ፣ ቆርቆሮና የጎረቤት ሣጥን

የዋይፋይ ሞገድ በብዛት በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው ሩቅ የሚደርስና ግድግዳ የሚያልፍ፣ ግን ዘገምተኛ የሆነ ነው። ሁለተኛው 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው ፈጣን፣ ግን በቅርብ የሚቀር ነው። አሮጌ ማተሚያዎችና ርካሽ ስልኮች ሁለተኛውን የማያዩት ብዙ ናቸው። ሣጥኑ በ5 ጊጋኸርዝ ብቻ እንዲያሰራጭ የተደረገ እንደ ሆነ ለእነርሱ የለም ማለት ነው።

በምዕራብ ሸዋ ከተሞች እንደሚታየው ሱቁ በብሎኬት ወይም በጭቃ፣ ከጓሮ ያለው መጋዘን ደግሞ በቆርቆሮ የተሠራ ሊሆን ይችላል። የጭቃና የእንጨት ግድግዳ ሞገዱን ያደክመዋል እንጂ አይከለክለውም፤ ቆርቆሮ ግን እንደ መስታወት መልሶ ይወረውረዋል። ስለዚህ በሱቁ ውስጥ ያለው ሣጥን የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን በቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ያለው ጸሓፊ ላያገኘው ይችላል። መፍትሔው አንቴናው የበዛለትን ሣጥን መግዛት ሳይሆን እስከ 100 ሜትር ድረስ ሊዘረጋ የሚችል የኔትወርክ ገመድ ወደ መጋዘኑ ወስዶ በዚያ ሌላ አክሰስ ፖይንት ማቆም ነው። በገመድ ፈንታ ሞገዱን ከአየር ተቀብሎ በዚያው ሞገድ መልሶ የሚያሰራጭ መሣሪያ የተተከለ እንደ ሆነ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል።

በገበያ ሰፈር ሱቆች ተጠጋግተው የተሠሩ ስለ ሆነ የአንዱ ሣጥን ሌላውን ያውካል። በ2.4 ጊጋኸርዝ ውስጥ ካሉት ቻናሎች እርስ በርሳቸው የማይነካኩት 1ኛው፣ 6ኛውና 11ኛው ናቸው። ሦስት ጎረቤታሞች እነዚህን ተከፋፍለው ቢይዙ ሁሉም ይጠቀማሉ። በሆቴልና በቡና ቤት ያለ ማይክሮዌቭ ምድጃም በዚሁ ሞገድ አጠገብ ስለሚሠራ፣ ምግብ በሚሞቅበት ሰዓት ብቻ የሚቋረጥ ዋይፋይ ሲያጋጥም ሣጥኑን ከወጥ ቤቱ ማራቅ ይበቃል።

አድራሻና ዘመን

ሣጥኑ ለተገናኘው መሣሪያ ሁሉ አይ ፒ የሚባል ቁጥር ያለው አድራሻ ያድላል። ባለ ሱቁ ሁለተኛ ሣጥን ገዝቶ እንዳለ ከመጀመሪያው ጋራ ያገናኘው እንደ ሆነ ሁለቱም አድራሻ ማደል ይጀምራሉ። ይህም በአንድ ሱቅ ሁለት ጸሓፊዎች ከአንድ ቁጥር በሚጀምሩ ሁለት የደረሰኝ ጥራዞች ሲጽፉ ከሚደርሰው ግራ መጋባት ጋራ አንድ ነው። ዛሬ የሠራው ስልክ ነገ እምቢ ይላል፤ ማተሚያው ይጠፋል። ስለዚህ ሁለተኛው ሣጥን በአክሰስ ፖይንት ሥርዓት እንዲሠራ ተደርጎ አድራሻ ማደሉ ይዘጋለት፤ አዳዩ አንድ ብቻ ይሁን። በኮምፒዩተሩ ላይ 169.254 ብሎ የሚጀምር አድራሻ የታየ እንደ ሆነም መሣሪያው አድራሻ የሚሰጠው አጥቶ ለራሱ ያወጣው ቁጥር መሆኑን ያሳያል።

ለአገራችን ነጋዴዎች ልዩ የሆነ አንድ ስሕተት ደግሞ አለ። የኮምፒዩተሩ ትንሽ ባትሪ ሲደክም ቀኑ ይጠፋና ሠራተኛው በኢትዮጵያ ዘመን አቈጣጠር ይሞላዋል። ኮምፒዩተሩ ግን የተሞላውን እንደ ጎርጎርዮስ አቈጣጠር ስለሚያነበው ዘመኑ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። ባንክና የመንግሥት መሥሪያ ቤት በኢንተርኔት የሚያቀርቧቸው ገጾች የደኅንነት የምስክር ወረቀት አላቸው፤ ወረቀቱም የሚጸናበት መጀመሪያና መጨረሻ ቀን አለው። ዘመኑ ወደ ኋላ የቀረው ኮምፒዩተር ምስክር ወረቀቱን «ጊዜው ገና ያልደረሰ ነው» ብሎ ይጥለዋል። የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ሆኖ ሳለ እነዚህ ገጾች ብቻ አልከፍት ሲሉ ሣጥኑን ከመንካት በፊት ቀኑንና ዓመተ ምሕረቱን መመልከት ነው።

ፈርምዌር ምን እንደ ሆነና የሚነካበት ጊዜ

ፈርምዌር የሚባለው ፋብሪካው በሣጥኑ ውስጥ የጻፈው፣ መብራቱ ሲበራ ሣጥኑ ሥራውን የሚጀምርበት ፕሮግራም ነው። ፋብሪካው ጉድለት ባገኘበት ጊዜ እያረመ አዲሱን ያወጣል። እርማቱም የመቋረጥ ጠባይን ለማስወገድ ወይም ለሌባ የሚከፈተውን በር ለመዝጋት ሊሆን ይችላል። ይህ ሁለተኛው ምክንያት ቀላል አይደለም። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ቪፒኤንፊልተር የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም ቢያንስ በ54 አገሮች ውስጥ በሚገኙ 500,000 ያህል ሣጥኖችና መሰል መሣሪያዎች ውስጥ መግባቱ ተገለጠ። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. መጨረሻም የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ፣ ፋብሪካዎቻቸው ፈርምዌር ማደስ ያቆሙላቸው አሮጌ ራውተሮች ለወንጀለኞች መጠቀሚያ መሆናቸውን ገልጦ እንዲለወጡ መክሯል። የሱቁ ክፍያ የሚያልፍበት በር ስለ ሆነ ነጋዴው ጉዳዩን እንደ ሌላ ሰው ጉዳይ ሊያየው አይገባም።

ስለዚህ ፈርምዌር መታደስ አለበት። ነገር ግን የሚታደሰው በተረጋጋ ቀን እንጂ ገዢ በተሰለፈበት በገበያ ቀን፣ ለማይታወቅ ብልሽት መድኀኒት ይሆናል ተብሎ አይደለም። አዲሱ ፕሮግራም በሣጥኑ ውስጥ እየተጻፈ ሳለ መብራት የጠፋ እንደ ሆነ አሮጌው ጠፍቶ አዲሱ ሳይሞላ ይቀራል፤ ሣጥኑም ዳግመኛ ላይነሣ ይችላል። መብራት ሳያስጠነቅቅ በሚሄድበት ከተማ ይህ አደጋ ከመጽሐፍ የተወሰደ ምሳሌ አይደለም። እድሳቱን የሚያደርግ ሰው የሚከተለውን ሥርዓት ይጠብቅ።

አንደኛ፣ ሣጥኑ ከአገልግሎት ሰጪው የተሰጠ ከሆነ ጉዳዩን ለአገልግሎት ሰጪው ይተው፤ የእንዲህ ያለው ሣጥን ፈርምዌር የሚመራው በብዛት ከዚያ ነው።

ሁለተኛ፣ በሣጥኑ ሥር የተለጠፈውን ወረቀት ያንብብ። የሞዴሉ ስም አንድ ሆኖ የሥሪት ተራው 1፣ 2፣ 3 እየተባለ የሚለያይ አለ። የአንዱ ፈርምዌር ለሌላው አይሆንም፤ ለአንድ ክፍለ ዓለም የተሠራውም ለሌላው አይጫንም።

ሦስተኛ፣ ፋይሉን ከራሱ ከፋብሪካው ድረ ገጽ ብቻ ያውርድ፤ በፍላሽ የመጣን ወይም በቴሌግራም የተላከን አይቀበል።

አራተኛ፣ በሣጥኑ ውስጥ ያለውን የአሠራር ቅንብር በኮምፒዩተር ላይ ያስቀምጥ፤ ከአገልግሎት ሰጪው የተሰጠውን የመግቢያ ስምና የምሥጢር ቃልም በወረቀት ይጻፍ።

አምስተኛ፣ ኮምፒዩተሩን በገመድ ያገናኝ እንጂ በአየር አያድርገው፤ ሣጥኑንም ሆነ ኮምፒዩተሩን ከዩፒኤስ ላይ ይሰካ።

ስድስተኛ፣ ሥራው ከተጀመረ በኋላ መብራቶቹ ተመልሰው እስኪረጉ ድረስ አሥር ደቂቃም ቢፈጅ እጁን ይሰብስብ። «ቆሟል» ብሎ ማጥፋት መብራት ከመጥፋቱ የማይለይ ጥፋት ነው።

ከዚህ ጋራ ሪስታርትና ሪሴት የተለያዩ መሆናቸውን መለየት ይገባል። ሪስታርት ሣጥኑን አጥፍቶ ማብራት ነው፤ ጉዳት የለውም፤ ብዙ ጊዜም ይበቃል። ሪሴት ግን በቀጭን ሽቦ ወደ ቀዳዳው ተገብቶ ቁልፉ አሥር ሰከንድ ያህል ሲያዝ የሚሆነው ነው፤ የመስመሩን መግቢያ ስም ጨምሮ የተሞላውን ሁሉ ይደመስሳል። የመግቢያ ስሙን ሳይዝ ሪሴት ያደረገ ነጋዴ በአየር ብቻ የነበረውን ችግር ወደ መስመሩም አዛምቶ ጠጋኝ እስኪመጣ ሊቀመጥ ነው።

እድሳቱ ከተፈጸመ በኋላ ፋብሪካው የሰጠው የመግቢያ ቃል ተለውጦ፣ የአየሩ ጥበቃ ደብሊው ፒ ኤ 2 ወይም ደብሊው ፒ ኤ 3 መሆኑ ይታይ። ሦስተኛው ብቻ የተመረጠ እንደ ሆነ አሮጌ ስልኮች የምሥጢር ቃሉን በትክክል ቢጽፉም አይገቡም፤ ሁለቱን አጣምሮ የሚይዘውን መምረጥ ይሻላል። ለደንበኞች የሚሰጠው ዋይፋይም ከሱቁ መረብ የተለየ፣ የእንግዳ መረብ የሚባለው ይሁን።

ለአስመጪዎችና ለሻጮች

የዚህ ጉዳይ ግማሹ በአስመጪው እጅ ነው። የቴሌኮም መሣሪያ ወደ አገር ሲገባ በ2011 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለ ሥልጣን የሚያረጋግጠው ዓይነት መሆን አለበት። ከዚህም ሌላ አስመጪው ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ፋብሪካው ለዚያ ሞዴል ፈርምዌር እስከ መቼ እንደሚያወጣ ይጠይቅ። ከፋብሪካው ድጋፍ የወጣ ሣጥን ርካሽ ቢሆንም ገዢው ጋ ሲደርስ ያረጀ ዕቃ ነው። የማስተካከያ ገጹ በቻይንኛ ብቻ የሆነ ሣጥንም በጊንጪ ወይም በባኮ ላለ ባለ ሱቅ እንደ ተቈለፈ ካዝና ነው።

ሻጩም የሚመልሱለትን ሣጥን «ተበላሸ» ስለ ተባለ ብቻ አይቀበል፤ ገዢውንም አያባርር። በትክክለኛው አዳፕተርና በአጭር ገመድ በገዢው ፊት ይሞክረው። ደኅና ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ ሻጩ ከኪሳራ፣ ገዢውም ከሁለተኛ ወጪ ይድናል። ትክክለኛውን አዳፕተር ለብቻው አከማችቶ መሸጥም ለሻጩ ትርፍ ያለው ሥራ ነው።

በሱቁ ውስጥ የሚቀመጥ መዝገብ

«ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ» ይባላል። የነገሩን ሥር ለማግኘት ደግሞ ጽሑፍ ይረዳል። እንግዲህ ባለ ሱቁ ከሣጥኑ አጠገብ አንድ ደብተር ያኑር። በመጀመሪያው ገጽ የሣጥኑ ሞዴልና የሥሪት ተራ፣ የአዳፕተሩ ቮልትና አምፔር፣ የፈርምዌሩ ቁጥርና የታደሰበት ቀን፣ የቻናሉ ቁጥርና የአገልግሎት ሰጪው ስልክ ይጻፍ። የመግቢያ ስሙና የምሥጢር ቃሉ ግን ለብቻው በተቈለፈ መሳቢያ ይቀመጥ። በሚቀጥሉት ገጾች ደግሞ ዋይፋዩ የተቋረጠበት ሰዓት፣ የታየው መብራት፣ በገመድ ይሠራ እንደ ነበረና መፍትሔው ይመዝገብ።

አንድ ወር ያህል የተጻፈ መዝገብ ብልሽቱ የሚመጣው መብራት በጠፋ ቁጥር ይሁን፣ ሱቁ በሰው ሲሞላ ይሁን፣ ወይም የጎረቤት ሆቴል ምሳ በሚያቀርብበት ሰዓት ይሁን ይናገራል። ጠጋኝ ቢጠራም ሥራው ያጥራል፤ የሚከፈለውም ያንሳል። አዲስ ሣጥን የሚገዛው ይህ ሁሉ ተመርምሮ ጥፋቱ በእርግጥ የሣጥኑ ሆኖ ሲገኝ ነው።